ውጤቱ በማይታወቅ ነገር ላይ መወሰን፤ የአንጎላችን አሠራርና የቡና አምራቹ ምርጫ



ወሩ ኅዳር ነው እንበል። ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር የሚኖር አንድ ቡና አምራች ከደጃፉ ላይ ቆሟል። ከዘንድሮው ምርት ከፊሉን በእሸቱ ሸጦ ለዕዳና ለቀለብ አውሎታል፤ የቀረው በአልጋ ላይ ደርቆ፣ ጀንፈል ሆኖ በጆንያ ተቀምጧል። ነጋዴው መጥቶ የዕለቱን ዋጋ ነግሮታል። ጎረቤቱ ደግሞ፣ «ጥር እስኪገባ ብትታገሥ ዋጋው ይጨምራል» ይለዋል። ባለቤቱ ትንሹ ልጃቸው ሌሊቱን ሲያስለው እንዳደረና ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ እንዳለበት ታሳስበዋለች። ይሽጥ ወይስ ያቆይ?

ለዚህ ጥያቄ እርግጠኛ መልስ ያለው ሰው የለም። ነጋዴውም ሆነ ላኪው፣ በኒው ዮርክ ገበያ ተቀምጦ የዓለምን ቡና የሚገዛና የሚሸጠውም ቢሆን የጥርን ዋጋ በኅዳር አያውቅም። ሆኖም መወሰን ግዴታ ነው፤ አለመወሰንም ራሱ ውሳኔ ነውና።

ስለሆነም በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን። በመጀመሪያ፣ አለማወቅ ራሱ ስንት ዓይነት እንደሆነ፤ ቀጥሎ፣ አንጎላችን ውጤቱ በማይታወቅ ነገር ፊት እንዴት እንደሚመርጥና የት ላይ እንደሚሳሳት፤ በመጨረሻም፣ በየቤታችንና በየማኅበራችን ይህን ዕውቀት እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ሁለት ዓይነት አለማወቅ

ፍራንክ ናይት የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ አለማወቅን በሁለት ከፍሎ አስረድቷል። የመጀመሪያው ዕድሉ ሊሰላ የሚችለው ነው። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ስንል የትኛው እንደሚወጣ አናውቅም፤ ነገር ግን ሁለቱም እኩል ዕድል እንዳላቸው እናውቃለን። ሁለተኛው ግን ዕድሉ ራሱ የማይታወቀው ነው። እዚህ ላይ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ውጤቱ የሚመዘንበትን ሚዛን ጭምር አናውቅም።

የቡና አገር ሰው ሁለተኛውን ዓይነት አለማወቅ በሚገባ ያውቀዋል። የቡና ፍሬ በሽታ፣ በተለምዶ ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው፣ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1971 ነው። ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አጥቁሮና አጨማዶ የሚያረግፍ በሽታ ነው። ከአባትና ከአያት የተወረሰ ልምድ ሁሉ ስለዚህ በሽታ የሚናገረው አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል ዛፍ እንደሚመታ፣ የትኛውስ እንደሚተርፍ ለማስላት የሚያስችል የቀድሞ መረጃ አልነበረም።

የዋጋም ነገር እንዲሁ ነው። በ1962 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት አገሮች ወደ ገበያ የሚያወጡትን መጠን በኮታ ይወስን ስለነበር ዋጋን በተወሰነ ደረጃ አረጋግቶ ቆይቷል። በሐምሌ 1989 ኮታው ሲቀር ዋጋው አሽቆለቆለ። በ1994 የብራዚልን ቡና ውርጭ ሲመታው በወራት ውስጥ ሽቅብ ወጣ። በ2001 መጨረሻ ላይ በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ የአረቢካ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በየካቲት 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ደረሰ። በአንድ ሰው የሥራ ዕድሜ ውስጥ የአንድ ዓይነት ምርት ዋጋ ከስምንት እጥፍ በላይ ተለዋውጧል ማለት ነው። ከአማን ደጃፍ ላይ የቆመው አምራች የሚወስነው እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው።

2. የማይታወቀውን መፍራት

ዳንኤል ኤልስበርግ በ1961 ያቀረበውን አንድ ፈተና በእኛው አገር ዕቃ እንግለጸው። ሁለት ቅሎች አሉ። በመጀመሪያው ቅል ውስጥ 50 ቀይ፣ 50 አረንጓዴ የቡና ፍሬ አለ። በሁለተኛው ቅል ውስጥም 100 ፍሬ አለ፤ ነገር ግን ስንቱ ቀይ፣ ስንቱ አረንጓዴ እንደሆነ አልተነገረም። ዐይንዎን ጨፍነው ከአንዱ ቅል አንድ ፍሬ ያወጣሉ፤ ቀይ ከሆነ ሽልማት ያገኛሉ። ከየትኛው ቅል ቢያወጡ ይመርጣሉ?

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ይመርጣል። መልካም፤ ሁለተኛው ቅል ቀዩ ያነሰበት መስሎት ይሆናል። አሁን ሽልማቱ ለአረንጓዴ ቢሆንስ? አሁንም አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን ቅል ይመርጣል። ይህ ግን እርስ በርሱ አይስማማም፤ በሁለተኛው ቅል ውስጥ ቀዩም አረንጓዴውም በአንድ ጊዜ ከ50 በታች ሊሆኑ አይችሉምና። ሰዎች የሸሹት አነስተኛውን ዕድል አይደለም፤ የሸሹት አለማወቁን ራሱን ነው። የእኛ ሰው «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ይህንኑ ነው።

ይህ ዝንባሌ የተማረና ያልተማረ፣ ሀብታምና ድኻ የሚለይበት ነውን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በኢትዮጵያ ገጠር ነው። አካይ፣ ማርቲንሰን፣ ኃይለሥላሴ መድኅን እና ትራውትማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን ገበሬዎችንና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአንድ ዓይነት ፈተና አወዳድረዋል። ዕድሉ በታወቀው ምርጫ ላይ ገበሬዎቹ ከተማሪዎቹ ይበልጥ ጥንቁቅ ሆነው ተገኙ። ዕድሉ ራሱ ያልታወቀውን በመሸሽ ረገድ ግን ሁለቱ ወገኖች ተቀራራቢ ነበሩ። እንግዲህ የማይታወቀውን መፍራት የገጠሬነት ወይም ያለመማር ምልክት አይደለም፤ የሰው ልጅ ሁሉ ባሕርይ እንጂ። ጥናቱ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ጤናቸው የታወከ ሰዎች በሁለቱም መንገድ ይበልጥ ይፈሩ ነበር። በቤቱ በሽተኛ ያለበትን ሰው ድፍረት ከማጣቱ የተነሣ ከመውቀሳችን በፊት ይህን ማስታወስ ይገባል።

የአንጎል ተመራማሪዎችም ይህ ፍርሃት በአንጎል ውስጥ የት እንደሚታይ ተመልክተዋል። በ2005 በታተመ ጥናት ሰዎች ዕድሉ ያልታወቀ ምርጫ ሲቀርብላቸው ሁለት የአንጎል ክፍሎች ይበልጥ ሲሠሩ ታይተዋል። አንደኛው አሚግዳላ የሚባለው፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል የሚገኝና የለውዝ ቅርጽ ያለው፣ አደጋን ቶሎ በማስተዋል የሚታወቅ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከዐይን ጉድጓድ በላይ የሚገኘው የፊተኛው አንጎል ክፍል ነው። በሌላ አነጋገር፣ መረጃ ሲጎድል አንጎል በመጀመሪያ «ተጠንቀቅ» የሚል ደወል ይደውላል፤ ስሌቱ የሚመጣው ከዚያ ጋር ተደባልቆ ነው።

3. አንጎል ዋጋ የሚተምነው እንዴት ነው?

የአዋቂ ሰው አንጎል ክብደቱ ከ1.3 እስከ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ይኸውም ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚያቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህን ያህል ኃይል የሚፈጅ አካል ለእያንዳንዱ ምርጫ ሙሉ ስሌት ሊያካሂድ አይችልም። ስለዚህ አቋራጭ መንገዶችን ይጠቀማል። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን እንይ።

የመጀመሪያው ስሜት ነው። አንቶኒዮ ዳማስዮና የሥራ ባልደረቦቹ በ1994 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ አንድ የካርታ ጨዋታ አዘጋጁ። አራት ክምር ካርታዎች ቀረቡ። ሁለቱ ክምሮች በእያንዳንዱ ካርታ 100 የጨዋታ ዶላር ይሰጣሉ፤ አልፎ አልፎ ግን ከባድ ኪሳራ ስለሚያስከትሉ በድምሩ ያከስራሉ። ሌሎቹ ሁለቱ 50 ብቻ ይሰጣሉ፤ ኪሳራቸው ቀላል ስለሆነ በድምሩ ያተርፋሉ። ተጫዋቾች ይህን አልተነገራቸውም። ጤናማ ሰዎች ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ወደ መልካሞቹ ክምሮች አዘነበሉ። እጃቸው ወደ መጥፎው ክምር ሲዘረጋም ቆዳቸው በመሣሪያ የሚለካ ላብ ያወጣ ነበር። ከግንባር በስተኋላ ያለው የታችኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው በሽተኞች ግን ላቡም አልታየባቸው፣ ከመጥፎው ክምርም አልራቁም። ማሰብና መናገር ይችሉ ነበር፤ የጎደላቸው ያለፈው ኪሳራ የሚተወው የፍርሃት ምልክት ነበር። ሰውነት ከአእምሮ ቀድሞ ያውቃል በሚለው ላይ ሌሎች ሊቃውንት በ2004 ተቃውሞ አቅርበዋል፤ ተጫዋቾቹ ከተገመተው ይበልጥ በዕውቀት ይመሩ እንደነበር አሳይተዋልና። የሆነ ሆኖ ስሜት የአስተሳሰብ ጠላት ብቻ ሳይሆን አማካሪም መሆኑ ከዚህ ይታያል።

አማካሪው ግን ይሳሳታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንደሚባለው፣ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ጉዳቱን የሚመስለውን ሁሉ ይሸሻል። አንድ ዓመት ቡናውን አቆይቶ ዋጋ የወረደበት ሰው፣ ማቆየት በሚጠቅምበት ዓመትም በመጀመሪያው ዋጋ ይሸጣል።

ሁለተኛው አቋራጭ ኪሳራን ከትርፍ አብልጦ መመዘን ነው። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች አንድን ነገር በማጣታቸው የሚሰማቸው ሐዘን ያንኑ ነገር በማግኘታቸው ከሚሰማቸው ደስታ የበለጠ መሆኑን አስረዱ። በ1992 ባቀረቡት ስሌት ሚዛኑ ከሁለት እጥፍ ጥቂት ያልፋል። ካነማን በዚህ ሥራው በ2002 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ትቨርስኪ በሕይወት አልነበረም፤ በ1996 ዐርፎ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ማሕሙድ የሱፍና ራንዳል ብለፍስቶን በገበሬዎች መካከል ያካሄዱትና በ2009 የታተመው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ የማጣት ዕድል ያለበት ጨዋታ ማግኘት ብቻ ካለበት ጨዋታ ይልቅ ገበሬዎቹን እጅግ ጥንቁቅ አድርጓቸዋል፤ ከሁሉም ይበልጥ የተጠነቀቁት ደግሞ ሀብታቸው አነስተኛ የሆነው ናቸው።

ሦስተኛው ባልተጠበቀ ነገር መማር ነው። ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ ተመራማሪ ጦጣዎች የፍራፍሬ ጭማቂ ሲሰጣቸው በአንጎላቸው ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ የነርቭ ሕዋሳት ምን እንደሚያደርጉ መዝግቧል። ጭማቂው ሳይጠበቅ ሲመጣ ሕዋሳቱ በኃይል ይሠራሉ። ጭማቂውን የሚያስቀድም ምልክት ጦጣዋ ከለመደች በኋላ ሕዋሳቱ የሚሠሩት ምልክቱ ሲታይ እንጂ ጭማቂው ሲመጣ አይደለም። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ሕዋሳቱ ዝም ይላሉ። በ1997 በታተመው ማብራሪያ መሠረት እነዚህ ሕዋሳት የሚያመለክቱት ደስታን ሳይሆን በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንጎል የሚማረው ከልዩነቱ ነው ማለት ነው።

ይህ ትምህርት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ጉድለት ግን አለበት። አንጎል መልካም ውጤት በጥሩ ውሳኔ እንደመጣና በአጋጣሚ እንደመጣ በራሱ አይለይም። በብራዚል ውርጭ ምክንያት አንድ ጊዜ በውድ ዋጋ የሸጠ ሰው «እኔ ጊዜውን አውቃለሁ» ብሎ ራሱን ያሳምናል። የውርጩን ዜና ግን አስቀድሞ አልሰማም ነበር።

4. የድኻ ጥንቃቄ ስንፍና አይደለም

ከላይ የተዘረዘረውን የሚሰማ ሰው፣ «እንግዲያው ገበሬው አዲስ ነገር የማይቀበለው አንጎሉ ስለሚያታልለው ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን በ2011 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦችን ለዓመታት ከተሰበሰበ መረጃ በመነሣት መርምረዋል። ማዳበሪያ በአማካይ ትርፍ ቢያስገኝም፣ ዝናብ ቢቀር ቤተሰቡ ምን ያህል ሊራብ እንደሚችል የሚያስበው ገበሬ ማዳበሪያ ከመጠቀም ይቆጠባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማዳበሪያ የሚገዛው ዝናቡ ከመታወቁ በፊት ነው፤ ሰብሉ ቢጠፋም ወጪው አይመለስም። መጋዘን ላለው ሰው ኪሳራ ቁጥር ነው፤ መጋዘን ለሌለው ሰው ግን ኪሳራ የልጆች እራት ነው። «በአማካይ ያተርፋል» የሚለው ምክር አማካዩ እስኪደርስ መቆየት ለሚችል ሰው ብቻ የሚሆን ምክር ነው።

ሌላም ሸክም አለ። በሕንድ አገር በታሚል ናዱ ግዛት የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ የፈተነ ጥናት በ2013 ታትሟል። እነዚያው ሰዎች ገንዘብ በተቸገሩበት በቅድመ ምርት ጊዜ የማሰብ ፈተናዎችን የሠሩት ከምርት በኋላ ከሠሩት ባነሰ ሁኔታ ነበር። የችግር ሐሳብ የአንጎልን ቦታ ይይዛል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተካሄዱ ሌሎች ጥናቶች ሁሉ ይህን በእኩል ደረጃ አላረጋገጡትም፤ ነገር ግን በክረምት ወር፣ እህል ባለቀበት ሰዓት፣ ቡናውን በዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ለመሸጥ የተስማማ ሰው ይህን ለመረዳት ጥናት አያሻውም። ስለዚህ ከባድ ውሳኔ በተራበ ሆድና በተጨነቀ ልብ ላይ እንዳይወድቅ ማመቻቸት ከምክር ሁሉ የሚበልጥ እርዳታ ነው።

5. ከአባቶች የቆየ ጥበብ

የደቡብ ምዕራቡ ገበሬ ውጤቱን የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ባዶ እጁን አልነበረም። በአንድ ጓሮ ውስጥ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ጎደሬው፣ ኮረሪማውና የንብ ቀፎው አብረው የሚታዩት በአጋጣሚ አይደለም። የቡና ዋጋ ሲወርድ እንሰትና ጎደሬ ይበላሉ፤ ቡና በበሽታ ሲመታ ማር ይሸጣል። ሁሉም በአንድ ዓመት አይከስርም። የተለያዩ የቡና ዘሮችን በአንድ ማሳ ማደባለቅም እንዲሁ ነው።

የቡና ፍሬ በሽታ በገባ ጊዜም መፍትሔው የተገኘው ከዚሁ ልዩነት ነው። ከጅማ አጠገብ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በሽታው በመታው ማሳ መካከል ጤናማ ሆነው የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬዎች 74110 እና 74112 እያሉ የሚጠሯቸው ዝርያዎች እናት ዛፎች የተመረጡት በ1974 በመቱ አካባቢ ነው፤ በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዓመቱን ያመለክታል። ባለሙያዎቹ ሙሉ ዕውቀት እስኪገኝ አልተቀመጡም፤ በጥቂቱ ሞክረው፣ የተረፈውን አይተው፣ ከዚያ አሰፉ። ውጤቱ በማይታወቅ ነገር ላይ መወሰን ማለት በአንድ ጊዜ ዘሎ መግባት ብቻ አለመሆኑን ይህ ያስተምራል።

ሌላው ጥበብ መረዳዳት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እድር የሞትን ወጪ፣ እቁብ የገንዘብን እጥረት ለብዙ ትከሻ ያከፋፍላል። በ2014 በታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ገጠር የዝናብ ኢንሹራንስ ለእድር አባላት ሲቀርብ፣ ኢንሹራንሱን በእድሩ ውስጥ እርስ በርስ ለመካፈል እንደሚረዳ አድርጎ የሚያስረዳ ሥልጠና የተሰጣቸው እድሮች አባላት ይበልጥ ገዝተዋል። ሰው ብቻውን የሚፈራውን ነገር ከወንድሞቹ ጋር ሲሆን ይደፍረዋል።

6. በውሳኔ ጊዜ የሚረዱ ስድስት ነጥቦች

ሀ. የምናውቀውንና የማናውቀውን መለየት። አምራቹ የልጁን ሕመም፣ የዕዳውን መጠን፣ የዛሬውን ዋጋ ያውቃል። የጥርን ዋጋ አያውቅም። ጎረቤቱም አያውቅም። የጎረቤቱን ግምት እንደ ግምት መያዝ ይገባል። የዛሬውንም ዋጋ ቢሆን ከአንድ ነጋዴ አፍ ብቻ መስማት አይበቃም፤ ከማኅበር፣ ከሌላ ነጋዴና ከምርት ገበያ ዜና ማመሳከር ያስፈልጋል።

ለ. በመጀመሪያ «ልሸከመው የማልችለው ጉዳት የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ። ዋጋ ጥቂት ቢቀር ቤተሰቡ ይኖራል። የልጅ ሕክምና ቢዘገይ ግን የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። የማይመለሰው ነገር ከሚመለሰው ይቀድማል።

ሐ. ምርጫውን መክፈል። «ይሽጥ ወይስ ያቆይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ሦስተኛውን መንገድ ይሸፍናል። ለሕክምናና ለዕዳ የሚበቃውን ያህል ዛሬ ሸጦ የቀረውን ማቆየት ይቻላል። አዲስ የቡና ችግኝም ቢሆን አሮጌው ሁሉ ተነቅሎ ሳይሆን በአንድ ጥግ ሊሞከር ይችላል።

መ. ከገበያው ግርግር በፊት መወሰን። «ዋጋው ይህን ያህል ከደረሰ፣ ወይም ይህ ቀን ከደረሰ እሸጣለሁ» ብሎ በቤት ውስጥ ከባለቤት ጋር መስማማት በነጋዴው ፊት ከሚደረግ ችኮላ ያድናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ተብሏልና።

ሠ. «አልተሳካም እንበል» ብሎ ማሰብ። ጋሪ ክላይን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ2007 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ከውሳኔው በፊት፣ ነገሩ ከሽፏል ብለን እናስብና ለምን እንደከሸፈ ምክንያቱን እንዘርዝር። ለምሳሌ የቆየው ቡና ለምን ዋጋ አጣ? ምናልባት ሳይደርቅ በጆንያ ገብቶ፣ ወይም በመሬት ላይ ተቀምጦ እርጥበት ሻግቶት ይሆናል። እንግዲያው ማቆየት የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ በደንብ ማድረቅና ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ አለበት።

ረ. ውሳኔን በውጤቱ ብቻ አለመመዘን። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ዋጋውንና የወሰንንበትን ምክንያት መጻፍ ይጠቅማል። በዓመቱ ስንመለከተው የትኛው በማስተዋል፣ የትኛው በዕድል እንደመጣ እንለያለን። አንጎላችን በራሱ የማይለየውን ደብተሩ ይለይልናል።

7. ማጠቃለያ

ወደ ደጃፉ እንመለስ። አምራቹ ጥቂት ጆንያ ለነጋዴው ሸጠ እንበል፤ በነጋታው ልጁን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። የቀረውን በርብራብ ላይ አስቀመጠና ከባለቤቱ ጋር የሚሸጥበትን ቀን ቆረጠ። በጥር ዋጋው ቢጨምር፣ «ምነው ሁሉንም ባቆየሁት» ብሎ መጸጸት የለበትም። ዋጋው ቢወርድም፣ «ምነው ሁሉንም በሸጥሁት» ማለት አይገባውም። በኅዳር በነበረው ዕውቀት መልካም ወስኗልና። መልካም ውሳኔ መልካም ውጤትን ሁልጊዜ አያስገኝም፤ የሰውን ኀላፊነት ግን በሚገባ ያሟላል።

ቤተ ክርስቲያን አስተዋይነትን ከአራቱ ዐበይት ምግባራት አንዱ አድርጋ ስታስተምር ኖራለች። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ የአስተዋይነትን ክፍሎች ሲዘረዝር ያለፈውን ማስታወስን፣ ከሌሎች ለመማር መፍቀድን፣ አርቆ ማየትንና ጥንቃቄን ይጨምራል። የዛሬው ሳይንስ በአንጎል ውስጥ የሚያየው ትዝታ፣ ፍርሃትና ግምት ለዚህ ምግባር የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው። ጥሬውን ማብሰል ግን የእኛ ሥራ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየመንደሩ ምክር የሚጠየቁ ሰዎች ናችሁ። የተጨነቀ ሰው ሲመጣ ውሳኔውን ከመስጠት ይልቅ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች አብራችሁት ጠይቁ። ፈሪ ብላችሁ አትውቀሱት፤ ፍርሃቱ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ መጀመሪያ ስሙ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1ኛ. ባለፈው ዓመት ከወሰናችኋቸው ውሳኔዎች መካከል በዕድል የተሳካው የትኛው ነው? በማስተዋል የተወሰነ ሆኖ ሳለ ያልተሳካውስ?

2ኛ. በመንደራችን «አዲስ ነገር አይቀበልም» ተብሎ የሚወቀስ ሰው አለን? ሙከራው ባይሳካ በቤቱ ምን ሊደርስ እንደሚችል ጠይቀነው እናውቃለን?

3ኛ. ቤተሰቦች በክረምት ቡናቸውን በዛፉ ላይ ሳለ እንዳይሸጡ እድራችን ወይም እቁባችን ምን ሊያደርግ ይችላል?

4ኛ. በሁለቱ ቅሎች ምሳሌ እናንተ የትኛውን መረጣችሁ? ለምን?